ሠላሳ ቀን የሚጠበቅ ቁስል፦ ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ማመርቀዝና መነሻዎቹ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ከመርካቶ ጋር ተያይዞ የሚገኘው አውቶቡስ ተራ ለረጅም ዘመን የክፍለ ሀገር መንገደኛ መግቢያና መውጫ ሆኖ የኖረ ሰፈር ነው። ዛሬ ከመስመሮቹ ከፊሎቹ ወደ ላምበረት፣ ወደ ቃሊቲና ወደ አስኮ መናኸሪያዎች ቢዛወሩም፣ ከነጋዴውና ከተማሪው ጋር «ሪፈር» የተጻፈለት ታማሚ ከነአስታማሚው የሚወርድበት፣ ታክሞ የተሻለውም ወደ አገሩ የሚሳፈርበት ስፍራ መሆኑ አልቀረም። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም ሆነ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከዚህ ሰፈር በአጭር የታክሲ መንገድ የሚደረስባቸው በመሆናቸው፣ በአገሪቱ ልዩ ልዩ ማዕዘን የጀመረ የሆድ ሕመም ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ሕክምናውን የሚያገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ስለ ቀዶ ሕክምና ቁስል በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ መናኸሪያ መጠቀሱ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የአንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቁስሉ በሰላም ይሽር ወይም ያመርቅዝ እንደሆነ ከሚወስኑት ነገሮች ብዙዎቹ የጊዜ ጉዳዮች ናቸው። ሕመሙ ከጀመረበት ቀዶ ሕክምናው እስከተደረገበት ድረስ ያለፈው ሰዓት፣ መድኃኒቱ የተሰጠበት ደቂቃ፣ ሆዱ ተከፍቶ የቆየበት ጊዜና ታማሚው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሁሉ የየራሳቸውን ድርሻ ስለሚያዋጡ፣ መንገዱን ከሕክምናው ለይቶ ማየት አይቻልም።

የሕክምና ባለሙያዎች «የቀዶ ሕክምና ቦታ ኢንፌክሽን» የሚሉት፣ ሕዝቡ ደግሞ ቁስሉ አመረቀዘ ወይም መግል ያዘ የሚለው ሁኔታ፣ ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በ30 ቀን ውስጥ በዚያው ቦታ ላይ ተሕዋስያን ተራብተው አካልን ሲያጠቁ የሚፈጠር ነው። ጥልቀቱ ሦስት ዓይነት ሲሆን፣ አንደኛው ከቆዳና ከቆዳ ሥር ካለው ስብ የማያልፈው፣ ሁለተኛው የሆድን ግድግዳ አጥብቆ ወደሚይዘው የጡንቻ ሽፋን የሚወርደው፣ ሦስተኛውና እጅግ አስጊው ደግሞ በሆድ ዕቃ ውስጥ ራሱ መግል የሚያጠራቅመው ነው። የመጀመሪያው ቁስሉን ከፍቶ በማጠብ ብቻ ሊሽር ይችላል፤ የመጨረሻው ግን ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ የሚችል፣ አንዳንዴም ሕይወት የሚቀጥፍ ነው። ታማሚው በሆስፒታል አልጋ ላይ የሚቆየው ከ30 ቀን እጅግ ላነሰ ጊዜ በመሆኑ፣ ከማመርቀዙ ቀላል የማይባለው ክፍል የሚገለጠው ሐኪሙ በሌለበት፣ በታማሚው ቤት ነው።

አንጀት ከሌሎች የሰውነት ክፍሎች ይልቅ ለዚህ ችግር የተጋለጠው ተሸክሞት በሚኖረው ነገር ምክንያት ነው። በትልቁ አንጀት ውስጥ ባለ አንድ ግራም ይዘት እስከ 100 ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ይገኛሉ፤ እነዚህ ተሕዋስያን በአንጀቱ ግድግዳ ታጥረው እስከኖሩ ድረስ ምግብን በማብላላት የሚያገለግሉ ወዳጆች ሲሆኑ፣ ግድግዳው በቢላዋ ወይም በሕመም ሲከፈት ግን ወደ ሆድ ዕቃው፣ ከዚያም ወደ ቆዳው ስንጥቅ ይሻገራሉ። ስለዚህም ሐኪሞች ቁስልን በ4 ደረጃ ይመድባሉ። እንደ እንቅርት ወይም እንደ ጡት ያለ፣ ተሕዋስያን የሚኖሩበት ክፍል ያልተነካበት ቁስል ንጹሕ ይባላል፤ አንጀት በዝግጅትና በቁጥጥር ሲከፈት ቁስሉ ከንጹሕነት ወደ መነካካት አንድ እርምጃ ይወርዳል፤ ሰገራ በቀዶ ሕክምናው መካከል ከፈሰሰ የተበከለ፣ አንጀቱ ቀድሞ ተበስቶ ወይም በስብሶ መግልና ሰገራ በሆድ ውስጥ ከተገኘ ደግሞ የቆሸሸ ይባላል። ከደረጃ ወደ ደረጃ በተወረደ ቁጥር የማመርቀዝ ዕድል እየጨመረ ይሄዳል፤ የአንጀት ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው በንጹሑ ደረጃ ላይ ሊቆም አይችልም፤ ሊመረጥለት የሚችለው ከቀሪዎቹ ሦስት የተሻለው ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ የሚጠበው አብዛኛው የአንጀት ቀዶ ሕክምና በድንገት የሚደረግ በመሆኑ ነው። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ፣ በታይፎይድ ምክንያት ትንሹ አንጀት ሲበሳ፣ በሕፃናት ላይ አንዱ የአንጀት ክፍል በሌላው ውስጥ ሲገባ፣ በአዋቂዎች ላይ ደግሞ አንጀት ሲጠማዘዝ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው የለም። ከእነዚህ መካከል የመጨረሻው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ከጎንደርና ከሌሎች የደጋ አካባቢ ሆስፒታሎች የወጡ የሕክምና ጽሑፎች የአንጀት መጠማዘዝን ከአንጀት መዘጋት ዋና ዋና መነሻዎች እንደ አንዱ፣ በተለይም በጎልማሳና በአረጋውያን ወንዶች ላይ የሚበዛ ሕመም አድርገው ስለሚያሳዩት ነው። በግራ የታችኛው ሆድ በኩል የሚገኘው የትልቁ አንጀት ጠመዝማዛ ክፍል፣ በሕክምናው ስሙ ሲግሞይድ፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከልክ ያለፈ ርዝመት ሲኖረውና መያዣው ሲጠብ፣ ታጥቦ እንደሚጨመቅ ነጠላ በራሱ ላይ ይዞራል። ያን ጊዜ ጋዝም ሰገራም መውጫ ያጣሉ፣ ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ጥምዘዛው ሲጠብቅም የደም ሥሮቹ ታንቀው የአንጀቱ ግድግዳ ይሞታል።

ታማሚው አንጀቱ ሳይሞት ከደረሰ፣ ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል ቱቦ አስገብቶ ጥምዘዛውን ሊፈታና ጋዙን ሊያስወጣ ይችላል፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ስለሚመለስም ሰውነቱ ከተረጋጋና ከተዘጋጀ በኋላ የረዘመው ክፍል በታቀደ ቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ዘግይቶ ከደረሰ ግን የበሰበሰው አንጀት በሌሊትም ቢሆን መውጣት አለበት፤ ጤነኛውን ጫፍ ከጫፍ ጋር መስፋት አስጊ ሲሆንም በሆድ ግድግዳ ላይ ጊዜያዊ የሰገራ መውጫ ይከፈታል። ስለዚህ ሕመሙ አንድ ሆኖ ሳለ፣ የአንደኛው ሰው ቁስል በሁለተኛው ደረጃ፣ የሌላኛው በአራተኛው ደረጃ ላይ ይመደባል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጊዜ ነው። በገጠር ሆድ ሲነፋና ሲቆርጥ ፌጦ በሎሚ መሞከሩ፣ ጠበል መጠጣቱና እስኪነጋ መጠበቁ ለብዙው የሆድ ቁርጠት ጉዳት የሌለው ልማድ ሊሆን ይችላል፤ ሆድ ከተነፋ፣ ፈስና ሰገራ ጨርሶ ከቆመና ትውከት ከተከተለ ግን እያንዳንዱ ሰዓት ከአንጀቱ ሕይወት ላይ የሚቀነስ ነው። በዚህ ላይ የክፍለ ሀገር አውቶቡስ በንጋት 12 ሰዓት የሚነሳ መሆኑ፣ ለመንገድና ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ከዘመድ አዝማድ መሰብሰቡ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው መዘዋወር ሲደመር፣ ማመርቀዙ ገና ምላጭ ቆዳውን ሳይነካው ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ይቻላል።

ማመርቀዙ በልማት ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች እንደሚበዛ በቁጥርም ታይቷል። «ግሎባል ሰርጅ» የተባለው የተመራማሪዎች ኅብረት በ66 አገሮች በሚገኙ 343 ሆስፒታሎች ውስጥ የሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 12,539 ሰዎች ለ30 ቀን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ በሰብአዊ ልማት ከፍተኛ ደረጃ ባላቸው አገሮች ቁስላቸው ያመረቀዘባቸው 9.4 በመቶ ሲሆኑ፣ በመካከለኞቹ 14 በመቶ፣ በዝቅተኞቹ ደግሞ 23.2 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። በኢትዮጵያ የተደረጉ ልዩ ልዩ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠናቀረና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሥራ በበኩሉ ከሁሉም ዓይነት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚታየውን ማመርቀዝ ወደ 12 በመቶ ገምቶታል። ሁለተኛው ቁጥር አንሶ የታየው እንደ ወሊድ ቀዶ ሕክምና ያሉትን አንጀት የማይከፈትባቸውን ሕክምናዎች ጭምር ስለያዘ ነው ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው፤ የአንጀቱ ብቻ ተነጥሎ ቢቆጠር ወደ መጀመሪያው ጥናት መቅረቡ አይቀርም። የኢትዮጵያው ጥንቅር አደጋውን ከፍ የሚያደርጉ ብሎ የለያቸው ነገሮችም ከ1 ሰዓት በላይ የፈጀ ቀዶ ሕክምና፣ የስኳር በሽታ፣ ከዚያ በፊት ሌላ ቀዶ ሕክምና ማድረግ፣ ከንጹሕ ደረጃ የወረደ ቁስልና ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከ7 ቀን በላይ በሆስፒታል መተኛት ናቸው። የመጨረሻው ለብዙ ሰው ያልተጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዋርድ ውስጥ ተራ እየጠበቀ የሚተኛ ታማሚ ቆዳው ቀስ በቀስ በሆስፒታሉ ተሕዋስያን ይወረሳል፤ እነዚህም መድኃኒት የለመዱ ናቸው።

ከታማሚው አካል የሚነሱት ምክንያቶች በጥቅሉ የደምን ጉልበት የሚያዳክሙ ናቸው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ሲል ተሕዋስያንን የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሶች ይፈዛሉ፤ የምግብ እጥረት ያለበት ሰው ቁስሉን የሚያያይዝበት ፕሮቲን ያጥረዋል፤ የደም ማነስ ያለበት ወደ ስፌቱ በቂ ኦክስጅን አያደርስም፤ ሲጋራም ጥቃቅን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣል። ውፍረትም እንዲሁ ከአደጋዎቹ አንዱ ነው፤ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ደም የማይበዛበት በመሆኑ ለመግል ምቹ ስፍራ ይሆናልና። ቀዶ ሕክምናው የታቀደ ሲሆን ከእነዚህ ብዙዎቹ ይታረማሉ፤ ስኳሩ ይስተካከላል፣ ደሙ ይታከማል፣ ሲጋራው ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ ይቋረጣል። በድንገተኛው ግን ታማሚው እንዳለ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ የዕቅዱ መኖር ራሱ እንደ አንድ መድኃኒት ሊቆጠር ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይዞራል፤ በዚያም የመጀመሪያው ጥያቄ ፀረ ተሕዋስያኑ መቼ ተሰጠ የሚለው ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን በርክ እ.ኤ.አ. በ1961 በእንስሳት ላይ ባደረገው ሙከራ፣ መድኃኒቱ ተሕዋስያኑ ከመግባታቸው በፊት በአካል ውስጥ ከተገኘ ማመርቀዙን እንደሚከላከል፣ ከገቡ ከ3 ሰዓት በኋላ ከተሰጠ ግን ጥቅሙ እንደሚጠፋ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ መድኃኒቱ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው 2 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ፣ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለመከላከያ ተብሎ እንዳይቀጥል የመከረው ይህን በመሰሉ ማስረጃዎች ተመርኩዞ ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ለአንጀት በብዛት የሚሰጡት ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል ሲሆኑ፣ ሁለተኛው የሚጨመረው አየር በሌለበት የሚኖሩትን የአንጀት ባክቴሪያዎች ለመምታት ነው። መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ ሳይገኝ ቀርቶ አስታማሚው ከውጭ ለመግዛት ሲሮጥ የሚያልፈው ጊዜ፣ በዚህ ዓይን ሲታይ፣ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። በሌላ በኩል ሆዱ በሰገራ ያልተበከለበትን ታማሚ ለብዙ ቀን በመርፌ ማቆየት ቁስሉን አይጠብቅም፤ መድኃኒት የለመዱ ተሕዋስያንን ብቻ ያበዛል። በግሎባል ሰርጅ ጥናት ከዝቅተኛ ልማት አገሮች ከተመረመሩት የቁስል ማመርቀዞች 35.9 በመቶው ለመከላከያ የተሰጠውን መድኃኒት የሚቋቋሙ ሆነው መገኘታቸው ቸል የሚባል አይደለም።

ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ሌላው ምክንያት ብርድ ነው። በቪየና ከተማ የአንጀት ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 200 ሰዎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ሥራ፣ በቀዶ ሕክምናው ወቅት ሰውነታቸው ሙቀቱን ጠብቆ ከቆየው መካከል 6 በመቶው ብቻ ሲያመረቅዝባቸው፣ ወደ 2 ዲግሪ ያህል ከቀዘቀዙት ግን 19 በመቶው አመርቅዞባቸዋል። ሰውነት ሲበርደው ሙቀቱን ለማዳን የቆዳ ደም ሥሮችን ያጠባል፤ ደም ያልደረሰው ቁስል ደግሞ ኦክስጅንም ተከላካይ ሕዋስም ያጣል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ፣ በክረምት ማለዳ፣ ራቁቱን በቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ የሚጋደም፣ ሆዱ ተከፍቶ ቀዝቃዛ ግሉኮስ በደም ሥሩ የሚገባለት ሰው ያለበትን ሁኔታ ማሰብ ከባድ አይደለም። መፍትሔውም ሁልጊዜ ውድ ማሽን አይጠይቅም፤ ፈሳሹን አሙቆ መስጠትና ታማሚውን ተራውን ከሚጠብቅበት ጀምሮ በብርድ ልብስ መሸፈን ትልቅ ድርሻ አለው።

የቆዳው ዝግጅትም የራሱ ልማዶች አሉት። ከቀዶ ሕክምና በፊት ሆድን በምላጭ መላጨት የንጽሕና ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ምላጩ ግን ዓይን የማያያቸው ጭረቶችን ትቶ ለተሕዋስያን በር ስለሚከፍት፣ ፀጉሩ እንዳለ መተው፣ የግድ ከሆነም በመቁረጫ ማሳጠር ይመከራል። በዋዜማው በሳሙና ገላን መታጠብ ጠቃሚ ነው፤ በታቀደ የትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና ደግሞ የአንጀት ማጠቢያው ብቻውን ሳይሆን በአፍ ከሚወሰድ ፀረ ተሕዋስያን ጋር ሲሆን ማመርቀዙን ይቀንሳል።

ስለ እጅ፣ ስለ ጓንትና ስለ ጨርቅ የሚነገረው ተራ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ኢትዮጵያ ለዓለም ያበረከተችው ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። ላይፍቦክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር የቀረጸው «ክሊን ከት» የተሰኘ መርሐ ግብር 6 ነገሮችን ብቻ ያጠብቃል፤ እነሱም የእጅና የቆዳ ጽዳት፣ የካባዎችና የመሸፈኛ ጨርቆች አለመቀደድና ንጽሕና፣ መሣሪያዎቹ በእርግጥ ከተሕዋስያን የጸዱ መሆናቸውን ማረጋገጥ፣ የፀረ ተሕዋስያኑ ሰዓት፣ የጎዝ ቆጠራና የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ በትክክል መሞላቱ ናቸው። በ5 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት የማመርቀዝ ዕድል በ35 በመቶ ቀንሷል። በተመሳሳይ መንገድ ሩዋንዳ፣ ናይጄሪያና ጋና በተካፈሉበት፣ በ7 አገሮች ከ13,000 በላይ ታማሚዎችን የያዘ ሌላ ጥናት፣ ሆድ ከመሰፋቱ በፊት ጓንትንና መሣሪያን በንጹሕ መቀየር ብቻውን ማመርቀዙን ከ18.9 ወደ 16 በመቶ እንዳወረደው እ.ኤ.አ. በ2022 ታውቋል። አንጀቱን የነካ መሣሪያ ቆዳውንም እንዲሰፋ አለመፍቀድ ማንኛዋም እናት ጥሬ ሥጋ የቆረጠችበትን ቢላዋ ሳታጥብ ሰላጣ እንደማትከትፍበት ያህል ግልጽ ነው፤ ይሁንና ተለዋጭ መሣሪያ ተቀቅሎና ተዘጋጅቶ ካልጠበቀ ሐኪሙ ብቻውን ሊያደርገው አይችልም።

ቤተሰብን ከሚያስደነግጡት ነገሮች አንዱ፣ ሐኪሙ የሆዱን ጡንቻ ሰፍቶ ቆዳውን ክፍት አድርጎ በጎዝ ሸፍኖ መውጣቱ ነው። ሥራውን ሳይጨርስ የተወው የሚመስላቸው አሉ፤ ይሁን እንጂ ቁስሉ ከቆሸሸው ደረጃ ሲሆን፣ ተሕዋስያኑን በተዘጋ ቆዳ ሥር ከማፈን ይልቅ በየቀኑ እያጠቡ ለጥቂት ቀናት መጠበቅና ሲጸዳ መስፋት የታወቀ ዘዴ ነው።

በአምስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን ቁስሉ ቀልቶ መግል ሲያወጣ በብዙ ቤት የሚሰጠው ማብራሪያ ጠረን ነካው የሚል ነው፤ በዚህም ጠያቂ ሽቶ ተቀብቶ መጣ ተብሎ ይወቀሳል። ወቀሳው የተፈጠረበት ምክንያት ለመረዳት አያስቸግርም፤ ጠያቂ የሚበዛው ታማሚው ሲሻለው፣ ማለትም ልክ ማመርቀዙ ጎልቶ በሚወጣባቸው ቀናት ነው። ተሕዋስያኑ ግን ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት የገቡ ሲሆኑ፣ እስኪበዙና እስኪታዩ ድረስ ያን ያህል ቀን ይፈጅባቸዋል። ይህን ማወቁ ጠያቂውን ከወቀሳ ነፃ ከማውጣቱም በላይ ቤተሰቡ ጊዜ ሳያባክን ወደ ሐኪም እንዲሄድ ይረዳል፤ እጅን ሳይታጠቡ ቁስሉን መንካት ግን በእርግጥም አደጋ ነው።

ታማሚው ከሆስፒታል ወጥቶ ለጉዞ ሲዘጋጅ ክሩ ብዙ ጊዜ ገና አልወጣም። ትኩሳት፣ በስፌቱ ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድ መቅላትና ሙቀት፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ ከቀን ወደ ቀን የሚብስ ሕመም ወይም እንደገና የሆድ መነፋት ወዲያው መታየት ያለባቸው ናቸው። ሆድ ውስጥ ያለው የአንጀት ስፌት ካፈሰሰ ቁስሉ ሳይቀላ ትኩሳቱና የሆድ ሕመሙ ብቻ ሊቀድሙ ይችላሉ። ከሁሉ ይልቅ ከቁስሉ በድንገት ብዙ ሮዝ መልክ ያለው ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ቢወጣ፣ የጡንቻው ስፌት እየተፈታ መሆኑን ስለሚያመለክት፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ሳይውል ሳያድር ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ከአውቶቡስ ተራ ተነስቶ ቀኑን ሙሉ ለሚጓዝ ሰው ይህ ቅርብ ሆስፒታል ያከመው ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ በመውጫ ወረቀቱ ላይ የተደረገው ቀዶ ሕክምና ዓይነት፣ የቁስሉ ደረጃ፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ ክሩ የሚወጣበት ቀንና የሚደወልበት ስልክ በሚነበብ ጽሕፈት ከተጻፉ፣ በወረዳው ጤና ጣቢያ ፋሻውን የምትፈታው ነርስ ከጎዙ ሥር ምን እንደምትጠብቅ ቀድማ ታውቃለች።